«ድንበር ትሻገራለህ» የተባለው ወጣትና የማሽላው ማሳ

«ጥሪ አለኝ» የሚል ወጣት ሲመጣ ምን ማለቱ እንደሆነ ገና ሳይጨርስ እናውቃለን፤ ማይክ ይዞ መድረክ ላይ መቆም ማለቱ ነው። መምህር የሆነችው እህት ግን ጥሪ አለኝ አትልም። «ለጊዜው እያስተማርኩ ነው፣ ጌታ አገልግሎት እስኪከፍትልኝ» ትላለች። አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት በየማለዳው ፊቷ እየተቀመጡ «ለጊዜው»! አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል። እኛ ግን የተሳሳተ ትምህርት ነው እንላለን፤ በዚህ በቆቦና በራያ ቆላ ደግሞ ሰው እያስከፈለን ያለ የተሳሳተ ትምህርት ነው።

በኮንፈረንስ ስም ከሩቅ የሚመጡ «ነቢያት» ወጣቱን ከመቀመጫው ያስነሡና «ድንበር ትሻገራለህ፣ አሕዛብ እየጠበቁህ ነው» ይሉታል። ጉባኤው እልል ይላል። እነርሱ በማግስቱ መኪናቸውን አስነሥተው ይሄዳሉ። ወጣቱ ግን እዚሁ ነው የሚቀረው። ይህ አገር እንዴት ያለ አገር እንደሆነ ጠይቀው ያውቃሉ? በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ የሚወስደውን መንገድ ከእኛ ሰፈሮች የማያውቀው የትኛው ነው? ደላላው ሲመጣ ብዙ መድከም አያስፈልገውም። ማሳመኑን ነቢዩ ጨርሶለታል፤ እርሱ የሚቀረው ዋጋውን መንገር ብቻ ነው።

እንዳንሳሳት፣ ስደት ሁሉ ኃጢአት ነው አላልንም። መሬት ያልደረሰው፣ በጦርነቱ ንብረቱን ያጣ፣ የታመመች እናት ያለችው ልጅ ልሂድ ቢል የምንፈርድበት አፍ የለንም። ጳውሎስም ባሪያ ሆኖ የተጠራውን አማኝ ነጻ መውጣት ከቻለ እንዲጠቀምበት ነግሮታል (1ቆሮ. 7፥21)። እኛ የምንቃወመው እግዚአብሔር ያልተናገረውን በእግዚአብሔር ስም መናገርን ነው። ልጁ በራሱ ውሳኔ ቢሄድ፣ መንገዱ ሲከፋ «ተሳስቻለሁ፣ ልመለስ» ማለት ይችላል። በትንቢት የሄደ ግን መመለሱ እምነት ማጣት ይመስለዋል።

ጥሪ ምንድን ነው? በሐዲስ ኪዳን ቃሉ ከሁሉ በፊት የሚያመለክተው ወደ ክርስቶስ መጠራትን እንጂ የሥራ ዓይነትን አይደለም። ስለ ኑሮ ሁኔታ ሲናገር ደግሞ፣ በዚያው 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ሐዋርያው አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ይደጋግማል፤ እያንዳንዱ በተጠራበት ኑሮ በጌታ ፊት እንዲመላለስ። ጌታ ሲያገኝህ ገበሬ ከነበርህ፣ ጌታ ገበሬ አገኘ ማለት ነው።

በዘፀአት 31 እግዚአብሔር ራሱ በስሙ እንደ ጠራውና በመንፈሱ እንደ ሞላው የሚመሰክርለት ሰው አለ። ባስልኤል ይባላል። ሥራው ምን ነበር? ወርቅና ናስ መሥራት፣ ዕንቍ መቅረጽ፣ እንጨት መጥረብ። ይህን ክፍል «ቅባት» በሚል ርእስ ሲሰበክ ስንቶቻችን ሰምተናል? ባለሙያን፣ ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን ሲንቅ በኖረ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ስብከት ከማንም በላይ ለእኛ ያስፈልገን ነበር።

«ኤልሳዕስ? በሬዎቹን አርዶ፣ ቀንበሩን ማገዶ አድርጎ አልሄደም ወይ?» የሚሉን አሉ። ሄዷል። ሥራቸውን ትተው ለወንጌል እንዲሄዱ የሚጠሩ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ፈትናና መርምራ ትሸኛቸው። ነገር ግን ኤልያስ ኤልሳዕን የት ነው ያገኘው? በዐሥራ ሁለተኛው ጥማድ ኋላ፣ እያረሰ (1ነገ. 19፥19)። «እግዚአብሔር እስኪከፍትልኝ» ብሎ ቁጭ ብሎ አልነበረም። ያረዳቸውም የገዛ በሬዎቹን ነው፤ ዛሬ «ሙሉ ጊዜ ገባሁ» የሚለው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያርደው የእናቱን በሬ ነው።

የራሳችንን ታሪክስ ለምን እንረሳለን? በ1974 ዓ.ም ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ሕንፃዎቿን ወሰደ፣ መሪዎቿን አሰረ። መድረክ የለም፣ የድምፅ ማጉያ የለም፣ ፖስተር የለም። በዚያን ጊዜ ምእመናኗ 5,000 ያህል ነበሩ፤ ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ወንጌሉን በየቤቱ የያዙት ቀን ቀን በየሥራ ገበታቸው የሚውሉ ተራ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከቅስናው በፊት በነቀምቴ ሆስፒታል ቁስል አጣቢ ነበሩ። በ1972 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ የተሟገተችው፣ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይታችሁ አታገልግሉ ብላ ነው። ያን ክርክር ለነጮቹ አቅርበን ስናበቃ፣ ዛሬ እኛው ራሳችን መንፈሳዊና ዓለማዊ ብለን ሰውን ለሁለት እንሰነጥቀዋለን።

ወደ ማሳችን እንምጣ። አቀንጭራ ምን እንደሆነ ለራያ ገበሬ አናስተምርም፤ አበባው ያምራል፣ ሥሩ ግን የማሽላውን ሥር ይጠባል። ወሎንኮሚ አካባቢ በአንድ ክፍል የሣር ጎጆ ያደጉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ለማውጣት ዕድሜያቸውን ሰጡ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በአገራችን ከተለቀቁት እንዲህ ካሉ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል፤ ከቆቦ ወደ ወልድያ ስንሄድ የምናልፋት ከተማ ስም ነው። ስለ እሳቸው እምነት የምንለው ነገር የለንም። ጥያቄያችን ለእኛ ልጆች ነው፤ እርሻ ኮሌጅ የገባው ልጃችን ይህን የመሰለ ሥራ በእግዚአብሔር ፊት አገልግሎት እንደሆነ ከየትኛው መድረክ ሰምቶ ያውቃል? ለመዘምራን እጅ ጭነን እንጸልያለን። ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ ለአዋላጇ ነርስ፣ ለባጃጅ ነጂውስ?

ጥሪ ደግሞ የሚያምር ስሜት ብቻ አይደለም፤ ይፈተናል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚያለማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈተናው ሌሊት 8 ሰዓት፣ የጎረቤት የውሃ ተራ ላይ ነው። ማንም አያይም። የቦዩን አፍ በእግር ትንሽ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው፤ የእርሱ ሽንኩርት ይጠማል፣ የእኛ ይጠጣል። ወይም በገበያ ቀን ሚዛኑ ላይ፣ ወይም ሽንኩርት ሲነቀል የቀን ሠራተኛዋን ሒሳብ «ነገ» እያሉ ማመላለስ። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የአጫጆች ደመወዝ ሲቀር ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ የጻፈው ለእንደዚህ ዓይነቱ ማሳ ነው። እሑድ በልሳን የሚጸልይ ወንድም ሰኞ በውሃ አባቱ ዘንድ በሌብነት ከተከሰሰ፣ ስለ የትኛው ጥሪ ነው የምናወራው?

የሚታመኑም አሉ፣ ስማቸው ባይጠራም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም የበረሃ አንበጣ ማሽላችንን በወረረ ጊዜ ሰው ሁሉ ጅራፍና ቆርቆሮ ይዞ ወጣ፤ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው በአንድ ማሳ ጮኸ። ከእኛ መካከል የራሱን ማሳ ትቶ ልጅ ለሌላት ለሙስሊም ጎረቤቱ እናት የጮኸ ምእመን ነበር። የትኛውም ነቢይ ይህን አልተነበየለትም። ቃሉ ባልንጀራህን ውደድ ሲለው ባልንጀራው ማን እንደሆነች ስላወቀ ብቻ ሄደ።

ስለዚህ በዚህ ቆላ የምታገለግሉ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ቀላል ነው። ለአንድ ወጣት «ድንበር ትሻገራለህ» ያለውን ሰው ስልኩን ያዙት። ልጁ የመን ላይ ተይዞ ደላሎች ከቤተሰቡ ገንዘብ ሲጠይቁ፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእርሱ ይሁን። ያነሣው እንደሆነ እንይ።