የጥርስ ሕክምና ተማሪ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ምን አይቶ ይመለስ?

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጦ መካነ ሰላም የገባ መንገደኛ፣ ቀኑ የገበያ ቀን ከሆነ፣ ጉንጩን በነጠላ ጠምጥሞ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሰው ሳያይ አይመለስም። እኛም አይተናል። ሰውየው ጥርሱን ታሟል። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ቅርንፉድ ነክሶ፣ ነጭ ሽንኩርት ወትፎ፣ ሁሉም አልሆን ሲለው በጉጠት የሚነቅልለት ሰው ፍለጋ ወጥቷል። ምናልባትም የመጣው ከዐባይ ሸለቆ አፋፍ ካለ ቀበሌ፣ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ነው። የጥርስ ሕመም እንደ ወባና እንደ ሳንባ ነቀርሳ የሚፈራ ስም ስለሌለው ብዙ አይወራለትም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ዘገባ የአፍ ውስጥ በሽታ ያለበትን የዓለም ሕዝብ 3.5 ቢሊዮን ያህል አድርሶታል። ጉንጩን የጠመጠመው የቦረና ገበሬም ከዚሁ ቍጥር ውስጥ አንዱ ነው፤ በአጨዳ ወራት ሦስት ቀን ቢተኛ የሚጐድለው ጎተራ ግን የራሱ ብቻ ነው።

ይህን ሰው በዓይነ ልቡናችን ይዘን ወደ ሌላ ጉዳይ እንለፍ።

የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችን ለመጐብኘት መሄዳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፍ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ማኅበር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1951 በኮፐንሃገን ከተመሠረተ ወዲህ ተማሪዎችን ከአገር ወደ አገር ማለዋወጥ አንዱ ሥራው ሆኖ ቆይቷል። በአገራችንም ጅማ ዩኒቨርሲቲ በሙኒክ ካለው ከሉድቪሽ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ጎንደርም ከእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ጋር በጤናው ሙያ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። እንግዲህ ከቦረና ወይም ከአማራ ሳይንት ወጥቶ በጎንደር ወይም በጅማ ጥርስ ሕክምና የሚማር ልጅ ዕድል ቢቀናው ፓስፖርት አውጥቶ የሚሳፈርበት መንገድ ከነጭራሹ የተዘጋ አይደለም ማለት ነው። ጥያቄያችን ሄዶ ምን ያያል የሚለው ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚያየው ይህ ነው። ጕብኝቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ነው። በዚያ አገር የሥራ ፈቃድ ስለሌለው በሽተኛ አይነካም፤ ከሐኪሙ ትከሻ ኋላ ቆሞ ይመለከታል። እንደ አልጋ የሚዘረጋ ወንበር፣ ጥላ የማይጥል መብራት፣ የመንጋጋን ሥዕል በቅጽበት በመስኮት የሚያሳይ ራጅ ያያል። አፍ ውስጥ ገብቶ የጥርሱን ቅርጽ የሚቀዳ መሣሪያና የተቀዳውን ቅርጽ ይዞ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚጠርብ ማሽን ሲያይ ደግሞ ይደነቃል። መደነቁ አይነቀፍም፤ እኛም ብንሆን እንደነቃለን። ከዚያ ነጭ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል።

ከተመለሰ በኋላስ? አንድ ጓደኛችን እንዲህ ያለውን ጕብኝት ፈጽሞ ከተመረቀ በኋላ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ተመድቦ ነበር። ሆስፒታሉ አንድ የጥርስ ወንበር ነበረው። ነገር ግን አየር የሚገፋው ሞተር ተበላሽቶ መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ መቦርቦሪያው አልሠራም፤ ሞተሩ የተጠገነ ዕለት ደግሞ መብራት ጠፋ። ጓደኛችን በስድስት ወር ውስጥ ከመንቀል በቀር ሌላ ሥራ እንዳልሠራ ሲነግረን፣ «እኔንና የገበያውን ጥርስ ነቃይ የሚለየን ማደንዘዣው ብቻ ነው» ብሎን ነበር። በዚያን ጊዜ ስቀንበታል። ኋላ ስናስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

ከዚህ ተነሥተን ጕብኝቱ ይቅር አንልም። ይቅር የሚሉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ሄደው የመጡ ናቸው። የምንለው፣ ተማሪው ከአገሩ ጥያቄ ይዞ ይሂድ ነው። ጥያቄ ያልያዘ ሰው የሚያሳዩትን ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ የሚያሳዩትም ለራሳቸው ሕመምተኛ የሠሩትን ነው።

ከመካነ ሰላም ብዙ ሳንርቅ ካረፍንበት አንድ ቤት ውስጥ የገጠመንን እናውጋ። አንዲት አሮጊት የልጃቸውን ልጅ ታቅፈዋል። ሕፃኑ ተቅማጥና ትኵሳት ይዞታል። ድዱን ገልጠው ነጣ ብሎ ያበጠ ቦታ አሳዩንና፣ «ይኸውላችሁ ልጆቼ፣ ይህ ነው የሚገድለው፤ ካላስወጣነው አይተርፍም» አሉን። አንዳችን፣ «እማማ፣ እርሱ ገና ያልበቀለ ጥርስ እኮ ነው» ብንላቸው፣ «ታዲያ ተቅማጡ ከየት መጣ?» ብለው አፋጠጡን።

አንባቢያችን እንደሚያውቀው ይህ የወተት ጥርስ ማስነቀል የሚባለው ልማድ ነው። ያበጠው ቦታ የወተት ክራንቻው እንቡጥ የተኛበት ነው። ሕፃኑ በዚያ ዕድሜ መዳኽ ይጀምራል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ከጡት ሌላ ምግብ ይቀምሳል፤ ተቅማጡም ከዚያ ይመጣል። ተቅማጡና የድዱ እብጠት በአንድ ሰሞን ስለሚገናኙ አንዱ የሌላው ምክንያት ይመስላል። እንቡጡ በስለት ወይም በሹል ብረት ተቈፍሮ ሲወጣ ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ መንጋጋ ቈልፍም ይከተላል። ከሥሩ ያለው ቋሚ ክራንቻም ስለሚነካ፣ ልጁ ዐሥር ዓመት ሲያልፈው ጥርሱ ተጣሞ ወይም ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 561 እንጥል መቍረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠርቶ፣ በእነዚህ ሳቢያ ሕፃን ቢሞት አድራጊው እንደሚቀጣ ደንግጓል። ሕጉ መልካም ነው፤ ለአሮጊቷ ጥያቄ ግን መልስ አይሰጥም።

ስለዚሁ ጉዳይ በሳይንስ መጽሔት ከወጡት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ የኢየሩሳሌም የጥርስ ሐኪሞች ሥራ ነው። በ1984 እና በ1991 በፈረንጅ አቆጣጠር ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደዚያ ተወስደው ነበር፤ ሐኪሞቹ የልጆቻቸውን አፍ ሲመረምሩ የወተት ክራንቻዎች ጐድለው አገኙ፤ በ1994ም ይህንኑ ጽፈው አሳተሙ። የእኛ ተማሪ ባሕር ማዶ ተሻግሮ በዚያ ቤተ መጻሕፍት የጎረቤቱን ልጅ አፍ በሰንጠረዥ ተሠርቶ ቢያገኘው ምን ይሰማው ይሆን? መኵራት አይሆንም፤ ማፈርም አይገባውም። ከመሄዱ በፊት በቦረና ወይም በሳይንት ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ የመቶ ሕፃናትን ድድ አይቶና ቈጥሮ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ወንበር ስቦ ከእነዚያ ሐኪሞች ጋር እኩል ይነጋገር ነበር። ይህም ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹን በየጤና ጣቢያው አሰማርቶ በሕዝቡ መካከል ያሠለጥን ነበር።

ሌላው ነገር «ውጭ አገር» ሲባል የሚታሰበን አውሮፓ ብቻ መሆኑ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ በዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሆላንዳዊው ጆ ፍሬንከንና ባልደረቦቹ የገጠሩን ሕዝብ ሊያክሙ ሲነሡ መብራትም የሚሠራ መቦርቦሪያም አጡ። ስለዚህ የበሰበሰውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርገው፣ ቀዳዳውን በሚጣበቅ ሙሊት ደፈኑት። ይህ ዘዴ በ1991 በታይላንድ፣ ቀጥሎም በዚምባብዌ ገጠር ተፈትኖ፣ በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት ደገፈው። ዛሬ ለሙሊቱ የሚውለው ግላስ አዮኖመር የሚባለው ነው፤ ድርጅቱም በ2021 ይህንኑና የጥርስ መበስበስን በመቀባት ብቻ የሚገታውን ስልቨር ዳያሚን ፍሎራይድን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አግብቷቸዋል። መንቀልን የሚያስቀር ሕክምና ያለ ሞተርና ያለ መብራት የተገኘው በታንዛኒያ ነበር ማለት ነው። ጓደኛችን ይህን ቢያይ ኖሮ እነዚያን ስድስት ወራት ጉጠት ይዞ ባልቆመ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ከተማሪው ይልቅ ወደ ወጣቱ ሹም ያመራል። የጕብኝቱን ደብዳቤ የሚፈርመው፣ የውሎ አበሉን የሚያሰላው፣ ከመጡት ግብዣዎች የትኛው ይቅደም ብሎ የሚወስነው እርሱ ነውና። የሙኒክ ግብዣ ሲመጣ ዶሴው ፈጥኖ ይሄዳል፤ ዳሬሰላም ሲባል ግን «እዚያ ደግሞ ምን ይማራል?» የሚል ቃል ይሰማል። በየቢሮው እንዲህ ያለውን ቃል በጆሮአችን ሰምተናል። ሹሙ የተመላሹን ሪፖርት ሲቀበልም ስንት ፎቶግራፍ እንደ ተነሣ ሳይሆን፣ ያየው ነገር መብራት በጠፋበት ቀን ይሠራ እንደሆነ ቢጠይቀው ጥሩ ነበር።

እኛ ከመካነ ሰላም ከመነሣታችን በፊት ወደ አሮጊቷ ቤት ተመልሰን ነበር። ከጤና ኬላ የተገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጠን፣ ለሕፃኑ በማንኪያ እየሰጠን አብረናቸው አመሸን። እርሳቸው በድዱ ጉዳይ አላመኑንም። «እስከ ነገ ልየው» አሉ፤ በማግሥቱም ሕፃኑ ቀለል ብሎት ስለነበር ነቃዩ ሳይጠራ ቀረ። የጥርስ ሐኪም በመካከላችን አልነበረም። በዳሬሰላም የተሠራበት መሣሪያ ግን በአንዲት ቦርሳ የሚያልቅ፣ መኪና በማይደርስበት በዐባይ አፋፍ ላይም በበቅሎ ተጭኖ የሚሄድ ነው።