የሥራ ዕውቀት፦ ማርሹ ከቁልቁለቱ በፊት



ከእናንተ መካከል የከባድ መኪና ሾፌር ለመሆን የሚያስቡ ወጣቶች አሉ። የዛሬው ትምህርት ለእነሱ ነው። እህል አስጭኖ አብሮ ለሚሳፈርም ይጠቅማል።

የዛሬዎቹ ቃላት አምስት ናቸው፦ ሞተር፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ዜሮ፣ ፍሬን። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።

ሞተር ጉልበት ይሰጣል። ማርሽ ያንን ጉልበት ለጎማ ያደርሳል። አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ከባድ ማርሽ ይባላሉ። በእነሱ መኪናው ቀስ ይላል፤ ጉልበቱ ግን ብዙ ነው። ከፍ ያሉት ቀላል ማርሽ ይባላሉ። በእነሱ መኪናው ይፈጥናል፤ ጉልበቱ ግን ያንሳል። ቁጥሮቹ በማርሹ እጀታ ላይ ተጽፈዋል፤ አንብባችሁ ትለያላችሁ። ፍሪሲዮን በግራ እግር ይረገጣል። ሲረገጥ ሞተሩና ማርሹ ይላቀቃሉ፤ ያን ጊዜ ማርሽ ይቀየራል። ዜሮ ማለት መኪናው በምንም ማርሽ ሳይያዝ ሲቀር ነው።

አሁን ወደ አባይ በረሃ እንውረድ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መኪናው 200 ኩንታል ጭኗል እንበል። የተጫነች አህያ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ እንዴት እንደሚገፋት ታውቃላችሁ። መኪናውንም እንዲሁ ይገፋዋል።

ታዲያ ሾፌሩ በቀላል ማርሽ እየወረደ ፍሬን ብቻ ቢረግጥ ምን ይሆናል? ፍሬን የሚይዘው በመፋተግ ነው። እስቲ መዳፎቻችሁን አፋትጉ፤ ይሞቃሉ አይደል? ፍሬንም ለረጅም ጊዜ ሲረገጥ ይግላል። ሲግል መያዝ ያቅተዋል። የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ጎማው አጠገብ ይጨሳል። ይህን ሽታ የሸተተው ተሳፋሪ ዝም አይበል፤ ለሾፌሩ ይንገር።

መፍትሔው ከባድ ማርሽ ነው። በከባድ ማርሽ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ፍሬኑም ያርፋል። የቆየው ደንብ እንዲህ ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፤ ጭነቱ ከበዛ ከዚያም በከበደ።

ማርሹ መቼ ይግባ? አፋፉ ላይ፣ መኪናው ገና ቀስ እያለ ሳለ። ቁልቁለቱ መካከል መቀየር አደገኛ ነው። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ማርሽ ለማክበድ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ይረገጣል። መጀመሪያ ረግጦ ዜሮ ማድረግ፤ ከዚያ ለቅቆ ትንሽ ነዳጅ መስጠት፤ እንደገና ረግጦ ማስገባት። ይህ የሚደረገው የማርሾቹ ጥርሶች ተስማምተው እንዲገጥሙ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ዜሮ በሆነባት በዚያች አፍታ መኪናው ይፈጥናል። ጥርሶቹ አይገጥሙም፤ ማርሹ ይጮሃል፤ አልገባም ይላል። መኪናው ዜሮ ላይ ቀረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ማርሽ መፈለግ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ዜሮ አድርጎ የሚወርድም አለ። የሚያስይዘው ግን የሰው ነፍስ ነው። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ማርሽ መቀየር ቀልሏል፤ ቁልቁለቱ ግን አልቀለለም።

እስቲ መልሱ፦
1. አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። 200 ኩንታል ስንት ኪሎ ይሆናል?
2. ፍሬን በጣም ሲግል ምን ይሆናል?
3. ይህን በደብተራችሁ ጻፉ፦ ከባድ ማርሽ አፋፉ ላይ ይገባል።