ቅጠል ቀለብን አይተካም



ጋሪ ያላችሁ አንዳንድ አባሎች፣ ለፈረሶቻችሁ ከመኖ ጋር የሚደባለቅ የቅጠላ ቅጠል ዱቄት በማኅበሩ ገንዘብ እንዲገዛ ጠይቃችኋል። ጉዳዩ በሚመጣው ስብሰባ ይወሰናል። ከዚያ በፊት ሐሳቤን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስፈር ይገባኛል።

የአባቶቻችንን መድኃኒት ማንም አይንቅም። አብሽ መኖውን ያጣፍጣል፤ በመጠኑ ቢገባ ክፋት የለውም። ችግሩ ከልክ ማለፉ ነው። ነጭ ሽንኩርት ለሰው ደግ ነው ተብሎ ለፈረስ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ደም ማነስ እንደሚያመጣበት በምርምር ታይቷል። ኮሶም ቢሆን የሚታወቀው በሰው የኮሶ ትል ነው፤ ፈረስን አብዝተው የሚያከሱት ግን ሌሎች የአንጀት ትሎች ናቸው። ደግሞም ፈረስ እንደ ሰው አያስመልሰውም። አንዴ የዋጠው ገባ ማለት ነው። ታዲያ ስሙም መጠኑም ያልተጻፈበትን ዱቄት እንዴት አምነን እንሰጠዋለን?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። የፈረሶቻችን የጎን አጥንት የሚቆጠረው ቅጠል አጥተው ነው ወይ? 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ውሃም ብዙ ይጠጣል፤ በፀሐይ ሲሠራ የሚውል ከሆነ እጥፍ ይፈልጋል። እኛ ግን ጠዋት እፍኝ ፉርሽካ ጣል አድርገን እስከ ማታ እናስሮጠዋለን። ላቡ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ጨው የሚሰጠው ስንቱ ነው?

በእግርና በደረት ቆዳ ላይ ቋጠሮ እየሠራ የሚፈነዳውም ቁስል ከሻጋታ ወገን በሆነ ተዋሲ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። በዝንብና ቁስል በነካ ዕቃ ወደ ሌላው ፈረስ ይሻገራል። መኖ ላይ በሚነሰነስ ዱቄት አይድንም። ገና ሲጀምር ፈረሱን ለይቶ፣ የራሱን ዕቃ ሰጥቶ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱም ያበላችሁትን ቅጠል አትደብቁ፤ ከመድኃኒቱ ጋር እንዳይጋጭ ማወቅ አለበት።

«ሐኪም ውድ ነው፣ ዱቄቱ ርካሽ ነው» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ኑሮ ከብዷል። ነገር ግን ፈረሱ የወደቀ ቀን የልጆቹ እንጀራ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ገንዘቡ ለሦስት ነገር ይዋል እላለሁ፦ ጋሪ በሚቆምበት ቦታ ለውሃ ገንዳ፣ ድርቆሽ በረከሰበት ወር በጅምላ ለመግዛት፣ በየጊዜው ሐኪም ጠርቶ ፈረሶቹን በአንድነት ለማስመርመርና የትል መድኃኒት ለማሰጠት።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ቅጠልም ያግዝ ይሆናል እንጂ ቀለብ፣ ውሃና ዕረፍት አይሆንም። የማትስማሙም በስብሰባው ተገኝታችሁ ተከራከሩኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ