የተከልነውን የሐበሻ ጥድ የመቁረጥ መብታችን ይረጋገጥ

የክረምት ተከላ እየደረሰ ስለሆነ ዛሬ ስለ ሐበሻ ጥድ የግል ሐሳቤን ልስጥ። የምጀምረው ግን ከማሳ ሳይሆን ከአዲስ አበባ፣ ከአራዳ ነው። ጥድ ሳይተኩ ሲቆርጡት ምን እንደሚከተል ከአራዳ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የእንጦጦና የዙሪያው አገር በቀል ዛፍ ጥድና ወይራ ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ገበያው ሲደራ፣ የመኳንንቱ ግቢ ሲበዛ፣ ቤቱም አጥሩም ማገዶውም ከዚያው ይቆረጥ ጀመር። ብዙ ሳይቆይ እንጨት ጠፋ፤ ከመናገሻ ደን ሳይቀር ማምጣት ግድ ሆነ። አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር እኮ! ከተማዋን ያዳናት በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ከፒያሳ ቀና ብላችሁ እንጦጦን ብታዩ በብዛት የሸፈነው እሱ ነው።

ባሕር ዛፍን አልወቅስም። በአምስት በስድስት ዓመት ብር ይሆናል፣ ልጅ ያስተምራል። ነገር ግን መሬት የገባ የባሕር ዛፍ ቋሚ ምስጥ ይጨርሰዋል። የጥድ ልብ ግን ቀይ ነው፤ ዘይት አለው፣ ሲላግ ይሸታል፣ ምስጥም እንዲህ በቀላሉ አይደፍረውም። አባቶቻችን ለምሰሶና ለአጥር ቋሚ ጥድ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ችግኝ ስትወስዱ ታዲያ «ጥድ» ብቻ አትበሉ፤ የፈረንጅ ጥድ ይሰጧችኋል። ችግኙ ላይ መለየት ስለሚያስቸግር ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ጠይቁ። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ከአተር የማይበልጥ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ ወፍ ይበላዋል። የፈረንጁ ጠንካራ እንክብል ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፍሬ የሌለው የሐበሻ ጥድ ካያችሁ አትደነቁ፣ ወንዱ አያፈራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ አባት «ልጄ፣ ጥዱን ብተክለው ነገ ማን ያስቆርጠኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አገር በቀል ዛፍ በግቢው የበቀለበት ሰው መቁረጥም ማጓጓዝም ስለሚፈራ ብዙው ገና ችግኝ ሳለ ይነቅለዋል። ዛፉን እንጠብቅ ብለን ያወጣነው ክልከላ ዛፉን እያስጠፋው ነው ባይ ነኝ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደን ባለቤትነትን ያውቃል። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ገበሬው የጫነው ጥድ ራሱ የተከለው ይሁን ከመንግሥት ደን የተሰረቀ መለያ የለውም። ስለዚህ ቀበሌ ችግኝ ሲያድል የተከላውንም ቁጥር ይመዝግብ፣ ለባለቤቱም ወረቀት ይስጥ። ለማዳበሪያ መዝገብ ካለን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሀብት የማይኖረን ለምንድን ነው?

እስከዚያው በእጃችሁ ያለውን ተጠቀሙ። ድንበር ላይ ሃያም ሠላሳም ጥድ ስትተክሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል። ማሳው የእናንተ መሆኑ እንዲታወቅ ቤታችሁ ወይም ሌላ ምልክት አብሮ ይግባ። በየዓመቱ ድገሙትና ለልጆቻችሁም ላኩላቸው፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ቁጥሩን ደግሞ ለቀበሌያችሁ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ አስይዙ። አልመዘግብም ካለ በኮሜንት ጻፉልኝ፣ ወረዳ ድረስ አብረን እንጠይቃለን።