ሻይን በቀለሙ መግዛት ይብቃን

«ቀለሙ እንዴት ነው?» ሻይ ቅጠል ልንገዛ ስንገባ ከሁሉ በፊት የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ባለሱቁም መልሱ አፉ ላይ ነው፤ «አንድ ማንኪያ ይበቃል፣ ወዲያው ነው የሚደምቀው» ይላል። እኛም ረክተን ከፍለን እንሄዳለን። ስለ ሽታው፣ ስለ ጣዕሙ፣ የት እንደበቀለና መቼ እንደተለቀመ የሚነሳ ነገር የለም።

እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስገዛ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ «ላሳይህ» ብሎ ከቅጠሉ ቆንጠር አደረገና ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለው። ቅጠሉ ገና ሳይሰጥም ቀይ ክር እየለቀቀ ወረደ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው በሙሉ ቀላ። «አየህ!» አለኝ። አይቼ ገዛሁ። ያየሁት ነገር የጥራት ሳይሆን የጥርጣሬ ምልክት መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ንጹሕ ሻይ ቅጠል ቀለሙን በደንብ የሚሰጠው ለሙቅ ውሃ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። በአንድ አፍታ ውሃውን ካቀላ፣ ቀለም ተጨምሮበት እንዳይሆን መጠርጠር ተገቢ ነው። የሕንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሸማቾች ቤታቸው እንዲሞክሩት የሚያስተምረው ፍተሻ አለ፤ ቅጠሉ በረጠበ የማጣሪያ ወረቀት ላይ ይበተናል፣ ባዕድ ቀለም ያለበት ከሆነ ወረቀቱን ያቆሽሸዋል።

ያለ ምንም ማጭበርበርም ቢሆን ቶሎ መድመቅ የጥራት ምስክር አይሆንም። የሚነግረን ቅጠሉ ምን ያህል እንደደቀቀ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በሕንድ አሳም ሥራ ላይ የዋለ ማሽን አለ፤ ለምለሙን ቅጠል ጥርስ ባላቸው ብረቶች መካከል አሳልፎ ይጨፈልቀዋል፣ ይቀዳድደዋል፣ እንደ ፍርፋሪ ያንከባልለዋል። ዛሬ የኬንያ ሻይ በአብዛኛው የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው። ቅጠሉ በደቀቀ ቁጥር ውሃ የሚያገኘው ገጽ ይበዛል፣ ቀለሙም ይፈጥናል፤ አብሮ ግን ምላስ የሚይዘው ጉምዘዛም ይፈጥናል። በከረጢት ውስጥ የሚታሸገውም ብዙውን ጊዜ ከወንፊት ሥር የሚወርደው ብናኝ ነው። ደቃቁን ሻይ አልንቀውም። በቀረፋና በቅርንፉድ ተፈልቶ ስኳር ለሚገባበት ሻይ እሱ ይስማማዋል። ጥፋቱ የእሱን ባሕርይ የሻይ ሁሉ መለኪያ ማድረጋችን ላይ ነው።

ይህ የሚያስቆጨኝ ቡና ላይ እንዲህ ስለማንሆን ነው። ቡና ስንገዛ የሐረር ነው የይርጋጨፌ ብለን እንጠይቃለን፣ ዘግነን እናያለን፣ የተበላሸውን ፍሬ እንለቅማለን፣ ሲቆላ ጭሱን ወደ አፍንጫችን እንስባለን። በዚያው በቡናው አገር በካፋ፣ ቦንጋ አጠገብ ውሽውሽ ላይ ሻይ ይለማል፤ በኢሉባቦርም ጉመሮ አለ። አጠገባችን የሚበቅል ሆኖ ሳለ ከመካከላችን ሙሉውን የሻይ ቅጠል በዓይኑ ያየ ስንት ሰው ይገኛል?

አሁን አሁን ደግሞ ጥሩ ሻይ ልጀምር የሚል ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ የሚያምር ቆርቆሮና የባዕድ ስም። «ኦሬንጅ ፔኮ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ብርቱካን ያለበት ይመስለዋል፣ ወይም የጥራት ማዕረግ ነው ብሎ ይከፍላል። ስሙ ከብርቱካን ጣዕም ጋር አይገናኝም፤ የሚናገረው ስለ ቅጠሉ መጠንና ሙሉነት ነው። ሙሉ ቅጠልም ቢሆን ካረጀ ወይም ከበርበሬ ጎን ተከፍቶ ከከረመ አይረባም። ሻይ የአካባቢውን ሽታ ይጠጣል። ቻይናዎች የጃስሚን ሻይ የሚሠሩት በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ቅጠሉን ከአበባው ጋር አሳድረው መዓዛውን ያጠጡታል። የእኛ ሱቅ ደግሞ በማያውቀው መንገድ ቅመማ ቅመምና ሳሙና ያጠጣዋል።

አረንጓዴ ሻይም በከንቱ ስሙ ጠፍቷል። «መራራ ነው» ብለው የተዉት ሰዎች አብዛኞቹ የፈላ ውሃ አፍስሰውበት ረስተውት ነው። ከጥቁሩ ጋር ተክሉ አንድ ነው፣ የሚለያዩት በአዘገጃጀት ነው፤ አረንጓዴው ግን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ የሆነ ውሃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለእሱ ይህም ይበዛበታል፣ ትንሽ ይብረድለት። ለጥቁሩ ግን እዚህ ከተማ የሚባክን ሙቀት የለንም። ከምድጃው እንደወረደ አፍስሱበትና ክደኑት። ለአንድ ብርጭቆ ከ2 እስከ 3 ግራም፣ ሦስት ደቂቃ ያህል።

ለጀማሪ አንድ ውድ ቆርቆሮ አልመክርም። ሁለት ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ 50 ግራም ይግዛ፤ ጎን ለጎን ያፍላቸው፣ የመጀመሪያውን ጉንጭ ያለ ስኳር ይቅመስ። ከዚያ ማጥለያው ላይ የቀረውን አንስቶ በጣቱ ይዘርጋው። ከጥሩው ጥቅልሉ ተፈትቶ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ ቅጠል ይወጣል፣ አንዳንዴም እምቡጡና ሁለቱ ቅጠሎች ከነቀንበጣቸው። ከሌላው በጣት መሃል የሚፈርስ ጥቁር ዱቄት ብቻ ይቀራል።

አሻጊዎችም አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ማሸጊያው ላይ «ደማቅ» የሚለውን ቃል በትልቁ ከምትጽፉ፣ የተለቀመበትን ቦታና ወር በትንሹም ቢሆን ጻፉልን።