መድረኩን ላላየ ሰው

የተወደደ ሙዚቃዊ ተውኔት ወደ ፊልም ሊለወጥ ነው በተባለ ቁጥር አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። የተውኔቱ አፍቃሪዎች «አደራ፣ እንዳትነኩብን!» ይላሉ። አንድ ዘፈን ቢቀነስ፣ የአንድ ገጸ ባሕርይ አገር ቢለወጥ፣ የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል ቢዛነፍ፣ ክህደት ተፈጸመ ይባላል። ፊልም ሠሪው በበኩሉ «መድረክ መድረክ ነው፤ ፊልምም ፊልም ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ግን የሚከራከሩት መድረኩን ስላየ ሰው ነው። እኔ ዛሬ ጥቂት ልልለት የምሻው ሦስተኛ ሰው አለ፤ መድረኩን ፈጽሞ ያላየ፣ ምናልባትም የማያይ ሰው።

ያ ሰው አንዱ እኔ ነኝ። ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ከለንደኑ ዌስት ኤንድ ወይም ከኒው ዮርኩ ብሮድዌይ ቴአትር ቤቶች ደጃፍ ቆሜ አላውቅም። የአውሮፕላኑን ቲኬት ትተን የቴአትሩ መግቢያ ብቻውን ከደመወዜ ጋር የሚተዋወቅ አይደለም። የቪክቶር ሁጎን ታሪክ በአማርኛ «ምንዱባን» በሚለው ስሙ አንብቦ ያነባ የአገሬ ሰው፣ ያው ታሪክ በዜማ ሲነገር ምን እንደሚመስል ማወቅ ቢፈልግ ቅርቡ በር ፊልሙ ነው። ለእንዲህ ያለው ተመልካች ፊልሙ የመድረኩ ቅጂ አይደለም፤ መድረኩ ራሱ ነው።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ከመድረክ ወደ ፊልም የተሻገረ ሥራ መመዘን ያለበት መድረኩን ባላየ ሰው ዓይን ነው። እርሱ ሙሉ ሥራ ካገኘ ፊልሙ ለመድረኩ ታምኗል። ያገኘው ለሌሎች የተዘጋጀ ማስታወሻ ከሆነ ግን አንድም ዘፈን ሳይቀነስ መድረኩ ተክዷል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መድረክና ተመልካች ሳይፈራረሙ የሚዋዋሉት ውል አለ። ተዋናዩ በንግግሩ መካከል ድንገት ወደ ዜማ ሲገባ ተመልካቹ «ሙዚቃው ከየት መጣ?» ብሎ አይጠይቅም። ከጣውላና ከጨርቅ የተሠራው ግንብ ግንብ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ነገር ግን በፈቃዱ ግንብ ያደርገዋል። የመድረክ ግማሹ ሥራ የሚሠራው በተመልካቹ ልብ ውስጥ ነው። ካሜራ ደግሞ ይህን ውል አያውቀውም። መንገድ ሲያሳይ እውነተኛ መንገድ፣ ፊት ሲያሳይ ከነላቡ ከነሽብሽቡ ነው። በእውነተኛ መንገድ ላይ ቆሞ የሚዘፍን ሰው ምክንያት ይፈለግበታል። እንግዲህ የፊልም ሠሪው የመጀመሪያ ተግባር የፈረሰውን ውል በሌላ ውል መተካት ነው። ዘፈኖቹን መቁጠር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚከተል «ካትስ» ያሳየናል። የቲ. ኤስ. ኤልየት በ1939 የታተሙ የድመት ግጥሞች በአንድሩ ሎይድ ዌበር ዜማ ለብሰው በ1981 ለንደን ላይ መድረክ ወጡ፤ እዚያው ለ21 ዓመታት ታዩ። ታሪኩ ስስ ነው። ኃይሉ ያለው ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ገላቸው ላይ የተጣበቀ ልብስ ለብሰው በሚደንሱት ሰዎች ላይ ነው። ሰዎች እንደሆኑ እናያለን፤ ድመት የምናደርጋቸው እኛ ነን። በ2019 የወጣው የቶም ሁፐር ፊልም ግን ይህን ሥራ ከተመልካቹ ወስዶ ለኮምፒውተር ሰጠው። ተዋንያኑ በዲጂታል ጸጉር ተሸፈኑ፤ ጆሮና ጅራት ተቀጠለላቸው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ እንኳ ምስሉ የታረመ ሌላ ቅጂ እስከ መላክ ተደረሰ። ሕመሙ ግን በጸጉሩ ጥራት ላይ አልነበረም። ሰውም ድመትም ያልሆነ ፍጡር በተጠናቀቀ መልኩ ሲቀርብልኝ ለምናቤ የሚቀረው ሥራ ምንድን ነው? ዘፈኖቹ አሉ፤ ውዝዋዜውም አለ፤ ውሉ ግን የለም።

በዚህ ትይዩ የማቆመው ቦብ ፎሲ በ1972 የሠራውን «ካባሬ» ነው። በ1966 ብሮድዌይ ላይ የታየው ተውኔት በምሽት ክበብ ውስጥም ከክበቡ ውጪም ይዘፈንበት ነበር። ፎሲ ከክበቡ ውጪ ያሉትን ዘፈኖች አወጣቸው። በመድረኩ ላይ ትልቅ ቦታ የነበራቸው የአረጋውያኑ ጥንዶች ፍቅር በሌላ ታሪክ ተተካ። እንግሊዛዊት የነበረችው ዘፋኝ አሜሪካዊት ሆነች፤ አሜሪካዊው ጸሐፊ ደግሞ እንግሊዛዊ። በአፍቃሪ ሚዛን ይህ ሁሉ ወንጀል ነው። ውጤቱ ግን አዲስ ውል ነው፤ ሰዎቹ የሚዘፍኑት ዘፋኞች ስለሆኑ፣ ቦታውም መዝፈኛ ስለሆነ ነው። በ1931ዋ በርሊን ከበሩ ውጪ ናዚዎች ሰው ሲደበድቡ፣ ከበሩ ውስጥ መብራቱና ሳቁ ይቀጥላል።

ከክበቡ ውጪ የሚዘፈን አንድ ዘፈን ብቻ ቀርቷል። በ1966ቱ መድረክ መጀመሪያ ያቀረቡት የክበቡ አስተናጋጆች ነበሩ። ፎሲ ዘፈኑን ፀሐይ ወደ ሞቀው የገጠር መጠጥ ቤት ግቢ ወሰደው። አንድ መልከ መልካም ልጅ ይዘፍናል፤ ድምፁ ንጹሕ ነው። ካሜራው ከፊቱ ወደ ታች ሲወርድ የናዚ ደንብ ልብሱንና በክንዱ ያሰረውን ምልክት እናያለን። ከዚያ ተስተናጋጆቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ይቀበሉታል፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ ከመቀመጫቸው አይነሡም። ቴአትር ቤት ተቀምጦ የሚያይ ሰው ልጁን ከነልብሱ በአንድ ጊዜ ያየዋል። መጀመሪያ ዜማውን አስወድዶ፣ ልብሱን ቆይቶ ማሳየት የካሜራ ጥበብ ነው። ውበት እንዴት እንደሚያታልል ለመናገር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ፊልሙ 8 ኦስካር ማግኘቱ ለእኔ ከዚህ ትዕይንት ቀጥሎ የሚመጣ ወሬ ነው።

ወደ «ምንዱባን» ልመለስ። ከፓሪስ ተነሥቶ በ1985 ለንደን የደረሰው ሙዚቃዊ ተውኔት በሚሽከረከር መድረኩና በግዙፉ ምሽጉ የታወቀ ነው። በ2012 ፊልሙን የሠራው ያው ቶም ሁፐር ነው። በዚያ ጊዜ የመረጠው መንገድ ግን ሌላ ነበር። ተዋንያኑ በስቱዲዮ አስቀድመው በቀዱት ድምፅ ላይ አፋቸውን ከማንቀሳቀስ ይልቅ፣ በጆሯቸው ፒያኖ እየሰሙ እዚያው ካሜራው ፊት ዘፈኑ። የፋንቲን ትልቁ ዘፈንም ቦታው ተለወጠ። በመድረኩ ላይ ከሥራ እንደተባረረች የምትዘፍነውን በፊልሙ ጸጉሯንና ገላዋን ከሸጠች በኋላ ዘፈነችው። አን ሃታዌይ ይህን ዘፈን ካሜራው ሳይቆራርጥ ፊቷ ላይ ተተክሎ ትዘፍነዋለች። ድምፅዋ ይሰበራል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። መድረክ ላይ ቢሆን ይህ ሹክሹክታ ከኋላ ወንበር ባልደረሰ ነበር። እዚህ ግን ዜማው ከልቅሶ የተለየ ነገር መሆኑ ይቀራል፤ ልቅሶን ደግሞ «ለምን በዜማ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ አበሻ የለም። ውሉ ተተካ ማለት ይህ ነው።

ጉድለቱንም አልሸሽግም። ለአንዲት ሴት ብቸኝነት የሠራው የቅርብ ቀረጻ ለሁሉም ሲታደል ሕዝቡ ይጠፋል። አመፁ የብዙ ሰው ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የተለያዩ ፊቶች ስብስብ ይመስላል። ቢሆንም በዚሁ ፊልም ውስጥ የምወደው አንድ የታማኝነት ምልክት አለ። በ1985 ለንደን ላይ የመጀመሪያው ዣን ቫልዣን የነበረው ኮልም ዊልኪንሰን በፊልሙ ውስጥ ጳጳሱን ሆኖ ይታያል። አዲሱን ዣን ቫልዣን ከብርድ ወደ ቤት የሚያስገባው፣ የብር ዕቃውንም የሚሰጠው እርሱ ነው። የመድረኩን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የማያውቀው ደግሞ ደግ ጳጳስ አይቶ ያልፋል፤ አንዳች የጎደለበት ነገር የለም። ለአፍቃሪዎች የሚሰጥ ስጦታ እንዲህ፣ የእንግዳውን ድርሻ ሳይነካ ቢሆን ምንኛ መልካም ነው!

«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ደግሞ አንድ ዘፈን ስንት ቤት ሊኖረው እንደሚችል ያስተምራል። በ1957ቱ መድረክ ስለ አሜሪካ የሚዘፈነውን ዘፈን የፖርቶ ሪኮ ሴቶች ብቻ ይቀባበሉት ነበር። በ1961ዱ ፊልም ወንዶቹም ገብተውበት፣ ግጥሙን የጻፈው ስቲቨን ሶንድሃይም ራሱ ቃላቱን ለውጦላቸው፣ በሴቶችና በወንዶች መካከል የሚደረግ የስደት ሙግት ሆነ፤ አንዱ ወገን የተገኘውን ሲያወድስ ሌላው የሚከፈለውን ዋጋ ይቆጥራል። ስደትን ከቅርብ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሙግት የሚያስተረጉምለት አያሻውም። መሸሸጊያ ቦታ የሚናፈቅበት ሌላው ዘፈንም በመድረኩ ላይ ከመጋረጃ ጀርባ በምትሰማ ድምፅ፣ በ1961 በሁለቱ ፍቅረኞች፣ በ2021ዱ የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም ደግሞ በአረጋዊቷ ሪታ ሞሬኖ ተዘፍኗል። ሞሬኖ በ1961ዱ ፊልም አኒታን ሆና ኦስካር ያገኘችው ናት። በወጣቶች አፍ ተስፋ የነበረው ዘፈን በእርሷ አፍ ዕድሜ ልክ ተጠብቆ ያልመጣ ነገር ሆነ። ቃሉ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ጠለቀ።

«እንግዲያስ መድረኩን እንዳለ ቀርጾ ማሳየት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። «ሃሚልተን» በ2016 ከነመድረኩ ተቀርጾ በ2020 ለሕዝብ ሲቀርብ የብዙ ሩቅ ሰው ጥም ቆርጧል። እንዲህ ያለው ሥራ ይብዛልን እላለሁ። ነገር ግን ቀረጻው ምስክር ነው፤ በዚያ ምሽት በዚያ አዳራሽ ምን እንደሆነ ይነግረናል። እኛ ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበርንም፤ ጭብጨባውም የእኛ አይደለም። ያለ ልክ ማክበርም ችግር አለው። በ2003 መድረክ የወጣው «ዊክድ» ለሁለት ተከፍሎ በ2024 እና በ2025 ሲወጣ፣ በቴአትር ቤት ለሻይ ያህል የነበረው ዕረፍት አንድ ዓመት ሆነ። እያንዳንዱን ዜማ በቃሉ ለሚያውቅ ይህ ልግስና ነው፤ ታሪኩን ገና ለሚሰማ እንግዳ ግን ረጅም ቀጠሮ ነው።

በመስኮቴ በኩል ዶላር ሰጥቶኝ ብር የሚቀበል ደንበኛ «በሰጠሁህ ወረቀት ላይ የነበረው ሰውዬ የት ሄደ?» ብሎ አይከሰኝም። የሚቆጣጠረው ዋጋው እንዳይጎድል ነው። የተተረጎመ ግጥም ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቃል በቃል ተጠብቆ ዜማው የሞተበት ትርጉም ስንት ጊዜ ገጥሞናል! ከመድረክ ወደ ፊልም የሚደረገውም ሽግግር ምንዛሪ ነው። ልዩነቱ የዕለቱን ተመን የሚለጥፍ ባንክ አለመኖሩ ነው፤ ተመኑን የሚያገኘው ሠሪው በራሱ ልብና በራሱ ድፍረት ነው።

ስለዚህ አንድ የተወደደ ተውኔት ነገ ፊልም ይሆናል ቢባል «እንዳትነኩት» ከሚሉት ጋር አልሰለፍም። ይነካ፤ ይቀነስም፤ ይጨመርም። ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያጨበጨበው ሰው ትዝታው አለው፤ ማንም አይቀማውም። ከሩቅ አገር በትንሽ መስኮት የሚመለከተው ሰው ግን ያለው ያ ፊልም ብቻ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ «መድረኩን ብታየው ኖሮ ይገባህ ነበር» ሊባል አይገባውም።

ቸር እንሰንብት።