የእጅሽ ሰዓት ለማን ነው የሚናገረው?

አሁን አሁን እጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓት የልብ ምትና እንቅልፍ ይቆጥራል፤ «ዛሬ ጭንቀትሽ ጨምሯል» ብሎም ይናገራል። አንዳንዷ በደሞዟ ትገዛዋለች፤ ለአንዳንዷ ደግሞ ማዳም «ለጤናሽ ነው» ብላ ታስርላታለች። እህቴ፣ እኔ የምለው ሰዓቱን ከማሰርሽ በፊት አካውንቱ በማን ስልክ እንደተከፈተ እወቂ ነው።

ከሰዓቱ ስር ያለው አረንጓዴ መብራት በቆዳሽ ውስጥ የሚያልፈውን ደም እየተከታተለ የልብሽን ምት ይቆጥራል። ከዛ ጭንቀት ነው፣ እረፍት ነው ብሎ ይገምታል። ግምት ነው እኮ! ምንጣፍ ስታራግፊም፣ ደረጃ ስትወጪም፣ ቡና ስትጠጪም ልብ ይፈጥናል። ሌሊቱን ትንሽ ብቻ መተኛትሽን ያውቃል፤ እንግዳ እስኪሄድ ዕቃ ስታጥቢ ማምሸትሽን፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ መነሳትሽን ግን አያውቅም። «በረጅሙ ተንፍሺ» ይልሻል። መተንፈሱ ክፉ አይደለም፤ እኛ የጎደለን ግን እንቅልፍ ነው እንጂ አየር አይደለም።

አካውንቱ በማዳም ስልክ ከሆነ ደግሞ መቼ እንደተኛሽ፣ አንዳንዴም የት እንዳለሽ እሷ ታያለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው 189ኛው ስምምነት አሠሪ ቤት የምትኖር ሠራተኛ ግላዊነቷ ሊከበርላት ይገባል ይላል። ብዙዎቻችን የምንሠራባቸው አገሮች ስላላጸደቁት ይህን ይዘሽ ከማዳም ጋር አትጣይ። «ውሃ ስነካ ያስቸግረኛል፣ ቆዳዬን ያሳክከኛል» ብለሽ ብታወልቂው ይሻላል። በራስሽ ስልክ ከሆነ ግን የእንቅልፍሽን መዝገብ ሐኪም ጋ ስትሄጂ ልታሳዪው ትችያለሽ፤ ለዛ ይጠቅማል።

ስልክ ላይ የሚያወራው ሰው ሰራሽ አስተውሎትስ? ሌሊት ሁሉም ተኝቶ የሚመልስልሽ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ የምታወራውን አልነቅፍም። ነገር ግን ስምሽን፣ የአሠሪሽን ስም፣ አድራሻውን፣ ከቤቱ ለመውጣት ያሰብሽውን አትጻፊበት። ስልክሽ የሚፈተሽ ከሆነ ያወራሽውን አጥፊ፤ ከስልክሽ ቢጠፋም ኩባንያው ጋ ሊቀር ይችላል።

ሐኪሞች መጀመሪያ የሚጠይቋቸው ሁለት ነገሮች ሰዓትም አፕም አይፈልጉም። ባለፉት 2 ሳምንታት የምትወጂውን ነገር ለመሥራት ፍላጎት አጥተሻል? ብዙውን ቀን ከፍቶሻል፣ ተስፋ ቆርጠሻል? አዎ ካልሽ ለሰው ንገሪ፤ ለጓደኛ፣ ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ ለምታገኛት እህት፣ መሄድ ከቻልሽ ለክሊኒክ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ከማሽን ጋር አታምሺ፤ በዚያው ሰዓት ለምታምኛት ሴት ደውዪ፣ ብቻሽን አትሁኚ።